45 ፊደል መሸምደድ እንግሊዝኛ መቻል አይደለም

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ቲክቶኩም ፌስቡኩም ላይ የሚዞር አንድ ነገር አለ። ትንሽ ልጅ ካሜራ ፊት ያቆሙና «በል እስቲ!» ይሉታል። ልጁ አየር ስቦ «ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል። ጭብጨባ ነው። ከስሩ «በእንግሊዝኛ ረጅሙን የሕክምና ቃል የሚጠራው ጂኒየስ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ምን ይከተላል? ስልክ ቁጥር። «ልጅዎ እንዲህ እንዲሆን ከፈለጉ ዛሬውኑ ይመዝገቡ።»

ልጁን አልነካውም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ የማስታወስ ችሎታው ያስቀናል። ጠቤ ከኋላው ከቆሙት ትልልቅ ሰዎች ጋር ነው። ይህንን እንግሊዝኛ ማስተማር ብለው ለወላጅ ከሚሸጡት ጋር፣ እና (ይቅርታ ይደረግልኝና) ይህንኑ ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ይህንን ያልቻለ ከክፍሌ ይውጣ» እያሉ ልጅ ከሚያሸማቅቁ የሙያ ጓደኞቼ ጋር።

መጀመሪያ የቃሉን ነገር እናጥራ። ይህ ቃል ሐኪም ቤት ውስጥ አልተወለደም። እ.ኤ.አ በ1935 ኤቨረት ስሚዝ የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ የእንቆቅልሽ ተጫዋቾች ሊግ ፕሬዚዳንት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያመጣው ነው። ዓላማው ረጅም ቃል መሥራት ነበር፣ አለቀ። ጋዜጣ ጻፈው፣ ሰው ወደደው፣ ቆይቶም መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። ትርጉሙ በጣም የደቀቀ የሲሊካ አቧራ ወደ ውስጥ በመሳብ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ነው ይባላል። በሽታውማ አለ፤ ድንጋይ የሚፈልጡ፣ ማዕድን የሚቆፍሩ ሰዎችን ይይዛል። ሐኪሙ ግን ሲሊኮሲስ ብሎ ነው የሚጽፈው። አራት ሲላብል። 45 ፊደል በሽተኛ ካርድ ላይ የሚጽፍ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ስለዚህ ልጆቻችንን እንደ ተአምር የምናስጠናቸው ነገር ከ90 ዓመት በፊት የተቀለደ ቀልድ ነው። ቀልድ አልጠላም። ቀልድን ሥርዓተ ትምህርት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ አንተ ብትሆን እንዴት ታስተምረዋለህ?» ለምትሉኝ፣ እሺ። እኔም ይህንን ቃል ክፍል ውስጥ ጽፌው አውቃለሁ። ግን የምጽፈው ለመበተን ነው። ሲበተን ስድስት ቁራጭ ይወጣዋል፦ ንዩሞኖ፣ አልትራ፣ ማይክሮስኮፒክ፣ ሲሊኮ፣ ቮልኬኖ፣ ኮኒዮሲስ። ንዩሞኖ ከግሪክ ነው፣ ሳንባ። አልትራ ከላቲን፣ ከመጠን ያለፈ። ማይክሮስኮፒክ በዓይን የማይታይ። ሲሊኮ የአሸዋና የድንጋዩ ሲሊካ። ቮልኬኖ እሳተ ገሞራ። ኮኒ አቧራ፣ ኦሲስ ደግሞ የበሽታ ሁኔታ። ስድስቱን የያዘ ልጅ ሳይሸመድድ ቃሉን ራሱ ይገነባዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሲላብል የምንገባው፦ ንዩ-ሞ-ኖ፣ አል-ትራ፣ ማይ-ክሮ-ስኮ-ፒክ፣ ሲ-ሊ-ኮ፣ ቮል-ኬይ-ኖ፣ ኮ-ኒ-ኦው-ሲስ። ቁጠሩት፣ 19 ነው። የመጀመሪያዋ «ፒ» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ ምላስ ቃልን በ«ፕን» መጀመር አይወድም። ፈረንሳዮች ያነቧታል። በሽታው ያው የእኛው የሳንባ ምች የሚጀምርበት «ንዩሞ» ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ትርጉም፣ ቀጥሎ ሲላብል፣ ከዚያ ድምፁ የሚጫንበት ቦታ ነው። ልጆቹን የሚያሸመድዷቸው ሰዎች ከመሃለኛው ጀምረው እዚያው ያቆማሉ። ያውም የተሳሳተውን መሃል።

ለምን የተሳሳተ አልኩ? አንደኛ፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ በቃሉ መሃል የሚደረጉት ነጥቦች የአነጋገር ክፍፍል የሚመስላቸው መምህራን ብዙ ናቸው። በአሜሪካኖቹ ሜሪያም ዌብስተር ላይ ነጥቦቹ የሚያሳዩት ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ የት ጋ በጭረት ሊቆረጥ እንደሚችል ነው። የሕትመት ነገር ነው። አነጋገሩ ቀጥሎ ለብቻው ተጽፏል፣ ስትረሱ የት እንደሚያርፍም በምልክት ተቀምጧል። ያንን ምልክት ግን የሚያይ የለም። ነጥቡን ቆጥሮ ማስጨብጨብ ይቀላላ!

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ የእኛው የፊደላችን ነገር። ፊደላችን በረከት ነው፤ ተነባቢና አናባቢ ባንድ ላይ ስለሚይዝ ልጆቻችን ገና ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ የሲላብል ስሜት አላቸው። ግን አንድ ፊደል አንድ ሲላብል ማለት አይደለም፣ በአማርኛም ቢሆን። «ትምህርት» በሉ። አምስት ፊደል ነው። ስትናገሩት ግን ስንት ጊዜ ነው አፋችሁ የሚከፈተው? ሁለት። ትም-ህርት። ሳድሷ አንዳንዴ አናባቢ አላት፣ አንዳንዴ የላትም። ግጥም የሚሞክር ሰው ቀለም ሲቆጥር ይህንን ያውቀዋል።

አሁን ልጁ የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ከላዩ ላይ ይጽፈዋል፣ ሁላችንም ያደረግነው ነው፣ ነውር የለውም። ከዚያ እያንዳንዷን ሳድስ አናባቢ ሰጥቶ እኩል ይረግጣታል። ማይ-ክ-ሮ-ስ-ኮ-ፒ-ክ። አራቱ ሲላብል ሰባት ሆነ። ይሄኔ መምህሩ «በርታ፣ ፈጠን በል» ይላል። ፈጠን ሲል ምን ይሆናል? በፍጥነት የተሳሳተ ይሆናል።

ሦስተኛው ስትረስ ነው። አማርኛ ውስጥ የድምፅ ጫና ብዙም ትርጉም አይለውጥም፣ ስለዚህ ጆሯችን ለሱ አልሠለጠነም። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጠውም እንደሚባለው ካላስጮኽነው አይሰማንም። ግን እኛም የራሳችን ስውር ነገር አለን። «ገና» ስትሉ ጠበቅ ካደረጋችሁት በዓል ነው፣ ላላ ካደረጋችሁት «ገና አልደረስኩም» ነው። ጽሑፉ ግን ያው አንድ ነው። ፈረንጅ ይህንን ሲስት እንስቃለን። እነሱም ቱበርኩሎሲስን አምስቱንም ሲላብል እኩል እየረገጥን ስንላቸው ግራ ይገባቸዋል። ቱ-በር-ኪዩ-ሎው-ሲስ፤ «ሎው» ላይ ነው ከበድ የሚለው፣ ሌሎቹ በአብዛኛው ይዋጣሉ።

ደስ የሚለው ነገር የሕክምና ቃል ከተራው የእንግሊዝኛ ቃል ይልቅ ሕግ አክባሪ ነው። በ«ኦሲስ» የሚያልቅ ከሆነ ጫናው «ኦው» ላይ ነው፦ ኦስሞሲስ፣ ሲሮሲስ፣ ቱበርኩሎሲስ። በ«አይተስ» ካለቀ «አይ» ላይ ነው፣ የሰውነት ክፍል መቆጣት ማለት ነው፦ ቶንሲላይተስ፣ አፔንዲሳይተስ፣ ጋስትራይተስ። ጋስትራይተስን እኛ ሰፈር ጋስትሪክ ብለን ጨርሰናታል፣ ትኑር። በ«ኦሎጂ» ካለቀ «ኦል» ላይ። በ«ኤክቶሚ» ካለቀ «ኤክ» ላይ፣ ቆርጦ ማውጣት ነው። በ«ኢሚያ» ካለቀ «ኢ» ላይ፣ የደም ነገር ነው። አምስት ጅራት ነው የነገርኳችሁ። እነዚህን የያዘ ልጅ አይቶት የማያውቀውን የሕክምና ቃል ቢሰጡት ግማሹን መንገድ ሄዷል። (ሜታሞርፎሲስ ከሕጉ ያፈነግጣል፣ «ሞር» ላይ ነው የሚከብደው። አንድ አመጸኛ የሌለበት ክፍል የለም።)

«ቲቸር፣ ምን አካበድከው፣ መዝናኛ ነው እኮ» ያላችሁኝ አላችሁ። መዝናኛ ቢሆን ዝም እል ነበር። ክፍያ ያለበት መዝናኛ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጆቹ የሚከፍሉት ዋጋ አለ።

እንደየክልሉ ክፍሉ ይለያይ እንጂ፣ በአካባቢው ቋንቋ ሲማር የኖረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ከቋንቋ ትምህርቶቹ በቀር ሁሉም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባዮሎጂውን ይከፍታል። ማይቶሲስና ማዮሲስ ይጠብቁታል። በአንዲት «ት» ነው የሚለያዩት፣ ትርጉማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንዱ ሴል 46ቱን ክሮሞዞም እንደያዘ ሁለት ይሆናል፣ ሌላው 23 አድርጎ ያጎድላል። ሽምደዳ የለመደ ልጅ ሁለቱን ያምታታል፣ በየዓመቱ ነው ወረቀት ላይ የማየው። ማዮሲስ በግሪክ «ማነስ» ማለት እንደሆነ የተነገረው ልጅ ግን አያምታታም፣ ምክንያቱም ቃሉ ራሱ መልሱን ይነግረዋል። ዲኤንኤም እንደዚያው ነው። ዲ-ኦክ-ሲ-ራይ-ቦ-ኑ-ክሌ-ኢክ። «ዲኦክሲ» ማለት ኦክስጅን የተቀነሰለት ማለት ነው፤ ከአርኤንኤ የሚለይበት አንዱ ነገር እዚያው ስሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ይህንን ሳንነግረው በል ደግመው፣ በል ደግመው!

ከክፍል ስንወጣ ደግሞ ነገሩ ነፍስ ይሆናል። ሃይፐርግላይሲሚያ እና ሃይፖግላይሲሚያ። ስድስት ስድስት ሲላብል ናቸው፣ ልዩነታቸው ሁለተኛዋ ላይ ብቻ ነው፤ «ፐር» እና «ፖ»። ያቺ ሲላብል ደግሞ ጫና የሌለባት ስለሆነች በንግግር ትዋጣለች። ሃይፐር ከላይ ነው፣ ሃይፖ ከታች። አንዱ የደም ስኳር ወጥቷል፣ ሌላው ወርዷል። የወረደበት ሰው ራሱን ካልሳተ ፈጥኖ ጣፋጭ ነገር ይሰጠዋል፤ ለወጣበት ሰው ይህንን ማድረግ መጨመር ነው። ነርሲንግ የተማረች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ ይህን ስታነብ ራሷን ታውቃለች፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ብላኛለች፦ «ቲቸር፣ ኮሌጅ ስገባ ያዳነኝ ረጅም ቃል ማወቄ ሳይሆን ቃል መቁረጥ መቻሌ ነው።» አስታማሚ ሲመጣባት «ሃይፖ» አትልም፣ «ስኳሩ ወርዷል» ነው የምትለው። እንዲህ ነው እንግሊዝኛ የገባው ሰው።

ታይፎይድና ታይፈስን ውሰዱ። እኛ ተስቦ ብለን አንድ ላይ እናስራቸዋለን። «ኦይድ» የምትለዋ ጅራት «የሚመስል» ማለት ናት፣ ታይፎይድ ማለት ታይፈስ መሳይ ማለት ነው። በዚህ ስም የተጠራው ድሮ ሐኪሞቹም ራሳቸው ስለሚያደባልቋቸው ነበር፤ ለይተው ያስቀመጧቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንዱ በተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል፣ ወረርሽኝ የሚሆነውን ታይፈስ ግን የልብስ ቅማል ነው የሚያዛምተው። ተሕዋሲያኑ ሌላ፣ መድኃኒቱም ሌላ። ቤታችን ተቀምጠን «ባለፈው የተረፈውን ኪኒን ዋጥ» ስንባባል የምንዘላት ያቺን ጅራት ነው።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ። ያ 45 ፊደል ቃል ውስጥ ሲሊኮ አለ፣ ቮልኬኖ አለ፣ ኮኒዮሲስ አለ። የድንጋይ ብናኝ፣ እሳተ ገሞራ፣ የአቧራ በሽታ። ይህንን እየሸመደደ ካለው ልጅ ሰፈር አጠገብ፣ በእውን፣ በሰው እግር ላይ፣ ሦስቱንም የያዘ በሽታ እንዳለ የነገረው አለ?

ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ፖ-ዶ-ኮ-ኒ-ኦው-ሲስ። ስድስት ሲላብል፣ 12 ፊደል። ፖዶ እግር ነው፣ የመጨረሻዎቹ አራት ሲላብሎች ግን ልጁ በጭብጨባ ከሚዘጋበት ጋር አንድ ናቸው። እኛ ዝሆኔ የምንለው ነው፤ በትንኝ የሚተላለፈው ሌላኛው ዝሆኔ ሳይሆን በአፈር የሚመጣው። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ሠርቶ፣ የእኛን ገበሬ እግር አይቶ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ ማዕድኑ በቆዳ ውስጥ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧን ያስቆጣል፣ እግር ያብጣል። ከማዕድኖቹ አንዱ ሲሊከን ነው። ጎጃም ውስጥ አለ፣ ወላይታ ውስጥ አለ፣ በሌሎችም ብዙ ቦታዎች አለ። አገራችን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚኖርበት ይገመታል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ስሟ ቀድሞ የሚነሳ አገር ኢትዮጵያ ናት።

እንግዲህ ያ አሜሪካዊ እንቆቅልሽ ተጫዋች በቀልድ የሰፋው ቃል፣ ከሳንባ ወደ እግር ወርዶ፣ የእኛ ጎረቤት ላይ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ልጆቻችን ቀልዱን ያውቃሉ። እውነቱን አያውቁም።

ባለማወቃችንም ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። «የዘር ነው» እንላለን። «እርግማን ነው» እንላለን። ጋብቻ ይፈርሳል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ አጠገቡ የሚቀመጥ ይጠፋል። አይተላለፍም እኮ! ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በቤተሰብ እንደሚወረስ ጥናት አሳይቷል፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ያሉበት ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ በ2012 የታተመ። ግን ዝንባሌ ያለው ሰው አፈሩን ካልረገጠ አይያዝም። መከላከያው ጫማ ነው፣ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ለታመመውም ቢሆን ንጽሕና፣ ቅባት፣ ማሰሪያና የሚስማማ ጫማ ብዙ ያቀልለታል። ይህንን ሁሉ ነገር ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እግር፣ አፈር፣ በሽታ። እርግማን የሚል ሲላብል የለበትም። ቆራርጡት፣ ፈልጉት፣ የለም።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳው ላይ ፖዶኮኒዮሲስን ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ከተረጎመች በኋላ «እንዴ፣ ታዲያ የአያቴ የአፈር ነዋ!» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ በፊት የአያቷን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም። እኔ ለእንዲህ ዓይነቷ ቀን ነው ጠመኔ የምይዘው፣ ለላይክ አይደለም።

እስካሁን ኮሜንት ላይ ከመጡት መልሶች ሁለቱን ልመልስ። አንዱ «በዲፕሎማ ሃይስኩል የሚያስተምር ሰው ስለ እንግሊዝኛ አነጋገር ምን አገባው» ብሏል። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ ደብቄው አላውቅም። የጻፍኩት ውስጥ ስህተት ካለ ስህተቱን ጥቀስልኝ፣ ወንድሜ። ወረቀቴን ሳይሆን።

ሌላው «ልጁ ድፍረት ያገኛል፣ ኮንፊደንስ ነው የምንገነባው» ይላል። ይሄኛው የሚመስል ነገር ስላለው በቁም ነገር ልመልስለት። ድፍረት ጥሩ ነው። ግን ልጁ ያገኘው ድፍረት ያንን ቃል የማለት ድፍረት ነው። ነገ መጽሐፉ ውስጥ ፎቶሲንተሲስ ሲመጣበት ማን ያስጠናዋል? እንደገና ስልክ ቁጥር ይደወላል? ይልቅ ጎኑ የተቀመጠችው ልጅ፣ ምላሷ ያልፈታው፣ ያንን ቃል ሞክራ የተሳቀባት፣ እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን አታወጣም። የእሷን ቪዲዮ ማንም አይለጥፍም። ስለ ኮንፊደንስ ካወራን የሁለቱንም እንቁጠር።

አነጋገር ላይ ለምትስቁም ይህችን ልጨምር። የጤና ጣቢያ ነርስ ስትረሱን ሳተች ብሎ መሳቅ ልክ አይደለም። ጫናው ቦታውን ቢስት በአብዛኛው ሰው ይግባባል። የማያግባባው ሲላብሉ ሲጎድል ወይም ሲቀየር ነው፤ ፐር ፖ ሲሆን፣ ኦይድ ሲጠፋ። ለየትኛው ስህተት መጮህ እንዳለብን እንወቅ። የፈረንጅ አክሰንት ለማምጣት ነው ስንት ሰዓት የምናቃጥለው፣ ልዩነት የምታመጣዋን ሲላብል ለመስማት ግን አምስት ደቂቃ የለንም።

ወላጆች፣ እባካችሁ፣ አስጠኚ ስትቀጥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ። ከልጃችሁ መጽሐፍ አንድ ረጅም ቃል አሳዩትና «ይህን እንዴት ታስተምርልኛለህ?» በሉት። «አስደግመዋለሁ» ካለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። እርሳስ አንስቶ መቁረጥ ከጀመረ ሻይ አዙለት።

ተማሪዎቼ፣ የድሮዎቹም ያሁኖቹም፣ ከባዮሎጂ ወይም ከኬሚስትሪ መጽሐፋችሁ ምላሳችሁን ያስቸገረ አንድ ቃል ኮሜንት ላይ ጣሉ። በአማርኛ ፊደልም ቢሆን ጻፉት፣ ችግር የለም። ማታ ማታ ከእራት በኋላ እየገባሁ አብረን እንቆርጠዋለን። ጤና ላይ የምትሠሩ ልጆቼም ግቡበትና አግዙኝ፣ በተለይ የመድኃኒት ስም ላይ፤ እሱ ሌላ ዱር ነው።